የለውዝ ዛፍና ስሙ

ነቢዩ ኤርምያስ በኢዮስያስ 13ኛ ዓመተ መንግሥት ለነቢይነት በተጠራ ጊዜ፥ ምን እንደሚያይ ቢጠየቅ የለውዝ በትር እንደሚያይ መለሰ፤ እግዚአብሔርም መልካም ማየቱን መስክሮለት፥ ቃሉን ይፈጽም ዘንድ እንደሚተጋ ነገረው። በትሩን ከትጋቱ ጋራ ያገናኘው ነገር ለአማርኛው አንባቢ ወዲያው አይገለጽለትም፤ በዕብራይስጥ ግን ዛፉ ሻቄድ፥ የሚተጋውም ሾቄድ ይባላልና፥ ነቢዩ የዛፉን ስም በጠራ ጊዜ የራእዩን ፍቺ ሳያውቀው በአፉ ይዞት ኖሯል።

በገበያችን ለውዝ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት የሚወጣው ኦቾሎኒ ነው፤ እኔ የምናገረው ግን በይሁዳ ኮረብታ ላይ ብርዱ ሳያልፍ፥ ቅጠል ሳያወጣ፥ ከዛፎች ሁሉ ቀድሞ ስለሚያብበው ዛፍ ነው። በእስራኤል ዛሬም ትጉህ ተማሪ ከዚሁ ሥር በወጣ ስም ይጠራል፤ በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉት እጢዎችም በዕብራይስጥም በዐረብኛም ለውዞች ይባላሉ።

ስም ሰው በልማድ ያወጣው ምልክት ብቻ ነው፥ ከነገሩም ባሕርይ ጋራ ኅብረት የለውም የሚሉ ፈላስፎች አሉ፤ አባባላቸውም በብዙ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን እግዚአብሔር ለነቢዩ አዲስ ሰማያዊ ስም ሳይገልጥለት፥ እረኞችና አትክልተኞች በየዕለቱ የሚጠሩትን ስም ተቀብሎ ለትጋቱ ምስክር ማድረጉ፥ የሰው አንደበት ያወጣው ስም በእርሱ ዘንድ የተናቀ እንዳይደለ ያስረዳል። ይህን ተራ የቃላት ጨዋታ ነው ከሚሉት ጋራ አልስማማም፤ ቀጥሎ የታየው ራእይ ከሰሜን በኩል የሚፈላ ማሰሮ ነበረና፥ የተተጋለት ቃል ብርቱ የፍርድ ቃል ነበረ። ያው የለውዝ እንጨት ደግሞ በአሮን እጅ ደረቅ በትር ሳለ፥ በምስክሩ ድንኳን አንድ ሌሊት አድሮ አብቦና አፍርቶ ስለ ተገኘ፥ ቤተ ክርስቲያናችን በውዳሴ ማርያም እመቤታችንን ሳይተክሏት፥ ውኃም ሳያጠጧት በለመለመችው በዚህች በትር ትመስላታለች።

ለዚህ ዛፍ በኦሪት ዘፍጥረት ሉዝ የሚባል ሌላ ስም ይገኛል፤ ያዕቆብ መሰላሉን በሕልም ያየባት ቤቴልም ቀድሞ ሉዝ ትባል ነበር። በታልሙድ የተጻፈው ትውፊት እንደሚለው፥ መልአከ ሞት ወደ ሉዝ ከተማ ይገባ ዘንድ ሥልጣን የለውምና፥ ሽማግሌዎቿ መኖር በሰለቻቸው ጊዜ ከቅጥሩ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በዚያም ይሞታሉ። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ልቤ ይነካል፤ ሞት የማይገባባት ከተማ ዕረፍት አልሆነቻቸውምና፥ ሳይሞቱ መኖርና የዘለዓለም ሕይወት አንድ እንዳይደሉ በእግራቸው መሰከሩ። ሊቃውንተ አይሁድ ይህንኑ ስም በሰው አከርካሪ ውስጥ ላለች ለአንዲት አጥንት ሰጥተው፥ የሙታን ትንሣኤ የሚጀምረው ከእርሷ ነው ብለዋል፤ ረቢ ኢያሱ ወልደ ሐናንያም በሮማው ቄሣር በሐድርያኖስ ፊት ያችን አጥንት ባቀረበ ጊዜ፥ ውኃ ሳያሟሟት፥ እሳት ሳያቃጥላት፥ ወፍጮ ሳይፈጫት ቀርታ፥ በመስፍ ላይ አኑረው በመዶሻ ቢመቷት መስፉ ተሰነጠቀ፥ መዶሻውም ተሰበረ ይባላል። እንዲህ ያለ አጥንት በሐኪሞች ዘንድ አይታወቅም፤ ሆኖም ትውፊቱ ተስፋን ከከተማዪቱ ቅጥር አውጥቶ፥ ወደ መቃብር በሚወርደው በሟች ሥጋ ውስጥ ስላኖረው፥ እኔ ከሁለቱ ሉዞች የኋለኛዋን እመርጣለሁ።