የፈረሱ እረፍት መቼ ነው?

ከመርካቶ ለሚነሳ የወጣቶች ኅብረት እንጦጦ ሩቅ አይደለም። በታክሲ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ ነው። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በእረፍት ቀን ወደዚያ መውጣት ልማድ እየሆነ መጥቷል። የባሕር ዛፉ ነፋስ አለ፤ ከተማው ከእግራችሁ በታች ይዘረጋል፤ ለከፈለም ሰው ፈረስ አለ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

ከእናንተ ብዙዎቹ ፈረስ ላይ ወጥታችሁ አታውቁ ይሆናል። መሞከራችሁ አይቀርምና ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እረፍት የወጣችሁት እናንተ ናችሁ። ፈረሱስ? የእናንተ የእረፍት ቀን ለእሱ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ትምህርት ቤቱና ቢሮው ሲዘጋ የእሱ ጀርባ ይከፈታል። የእኔ እረፍት የሌላው ድካም ከሆነ፣ እረፍት ብዬ ልጠራው እችላለሁ?

“ፈረስ እኮ ነው! ሊያገለግል የተፈጠረ እንስሳ ነው” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በእኛ በአማኞች መካከል ይህ መልስ ፈጥኖ ይመጣል፤ ግዛ ተብለናላ። ነገር ግን ዘጸአት 23 ላይ የሰንበት ትእዛዝ እንዴት እንደተጻፈ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ሰውየው ሥራውን እንዲያቆም ሲታዘዝ ከምክንያቶቹ ፊተኛው የበሬውና የአህያው ማረፍ ነው። እንስሳው ጌታው ስላረፈ እግረ መንገዱን ያረፈ አይደለም፤ ራሱ ታስቦለታል። ከእሱም ጋር አገልጋዩና መጻተኛው ተቆጥረዋል። ጌትነት እዚያ ላይ የተገለጸው በማሠራት ሳይሆን በማሳረፍ ነው። ይህን እንግዲህ በገንዘብ ለአንድ ሰዓት ጌታ የሆነ ሰው ምን ያደርገዋል?

ጀማሪ ፈረሰኛ ምን እንደሆነ በቅርብ እንየው። በግራ በኩል እርካብ ረግጦ ይወጣል። ፈረሱ መራመድ ሲጀምር ይፈራል፤ ሲፈራ ልጓሙን ወደ ራሱ ይስባል፤ እንዳይወድቅ ደግሞ በተረከዙ የፈረሱን ጎን ጭምቅ ያደርጋል። ልጓም መሳብ “ቁም” ማለት ነው፤ ጎን መጭመቅ “ሂድ” ማለት ነው። ፈረሱ በአንድ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ ይቀበላል፤ አንደኛው የሚደርሰው አፉ ውስጥ ባለው ብረት ነው። ጋላቢው ከኮርቻው ላይ በተነሣና በወደቀ ቁጥር ደግሞ ጀርባው ይደቃል። የእኛን ፍርሃት የሚከፍለው የእሱ አፍና ጀርባ ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ ይታገሳል። ትዕግሥቱን እኛ “ለማዳ ነው” እንላለን።

ስለ ክብደትም ላንሣ፤ አንዳንዶች ይቀየሙኝ ይሆናል። ፈረስ አዋቂዎች በብዙ አገር የሚከተሉት ልማድ አለ፤ ፈረስ ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ በላይ ባይሸከም ይመረጣል፣ ኮርቻውን ጨምሮ። የእኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ቢገጥማችሁ አምስተኛው 50 ኪሎ ይሆናል። ከእናንተ መካከል ከነኮርቻው 50 ኪሎ የሚሞላ ስንት ነው? ለፎቶ ብለው ሁለት ሆነው የሚወጡትንስ ምን እንበል?

አባቶቻችን ፈረስን በእንዲህ ያለ ዓይን አላዩትም ነበር። ምኒልክ “አባ ዳኘው”፣ ቴዎድሮስ “አባ ታጠቅ”፣ ኃይለ ሥላሴ “አባ ጠቅል” የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር። በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ በየዓመቱ በጥር ወር እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል፤ እዚያ ፈረሱ እንደ ባለቤቱ ያጌጣል። የጥንቱ ሰው ፈረሱን አላደከመም አልልም፤ ጦር ሜዳ ነው ይዞት የሚሄደው። ግን ያውቀው ነበር። እኛ አንድ ሰዓት ሙሉ ጀርባው ላይ ተቀምጠን ስሙን ሳንጠይቅ እንወርዳለን።

እስቲ ደግሞ ከእንጦጦ እንውረድና ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ፈረስ ያምራል፤ ለሚያምር ነገር ማዘን ቀላል ነው። በበዓል ዋዜማ በእህል በረንዳ በኩል የምታልፉት አህያ ግን አያምርም። አቧራ ለብሷል፣ ጆንያው ጎኑን ፈግፍጎታል፣ መንገድም ዘግቶባችኋል። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዋ አገር ናት ሲባል እንኮራለን፤ አጠገባችን ሲቆም ግን “ዞር አድርገው!” እንላለን። ለበዓሉ የሚጋገረው ዳቦና እንጀራ ከየት መጣ? ከዚያ ጀርባ ላይ ያለፈ ብዙ እህል አለበት። እህሉን ከመኪና አውርዶ በትከሻው የተሸከመውም ሰው እዚያው ነው፤ ስለ እሱ ብቻ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ያው ዘጸአት 23 ስለ ወደቀ አህያም ይናገራል። የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ተኝቶ ብታየው ትተኸው አትለፍ፣ አግዘው ይላል። ሕጉ ባለቤቱ ጥሩ ሰው መሆኑን አልጠየቀም፤ እንዲያውም ጠላት ነው። “ያለ ልክ የጫነበት እሱ፣ ይቻለው!” ብሎ ማለፍ አልተፈቀደም። ከጠላት ጋር ጎን ለጎን ቆሞ ሸክም ማንሣት! መርካቶ ውስጥ ለዚህ ትእዛዝ አጋጣሚ አይጠፋም።

ታዲያ ፈረሱ ላይ አትውጡ ልበላችሁ? አልልም። ቀላሉ መልስ ይሄ ይመስላል፤ እጅን ንጹሕ ያደርጋል። ነገር ግን ሁላችንም ብንቀር ፈረሱ አያርፍም። ባለቤቱ ልጆቹን የሚያበላበት ነገር ሲያጣ ይሸጠዋል፤ ገዢው ለጋሪ ይጠምደው ይሆናል። ከሩቅ ሆኖ ማዘን ለፈረሱ ገለባ አይሆነውም። የሚጠቅመው ቀርቦ የሚያይ ሰው ነው።

ስለዚህ ኅብረታችሁ በሚቀጥለው እረፍት ወደ እንጦጦ ሲወጣ ባለፈረሱን “ስንት ነው?” ከማለታችሁ በፊት “ከጠዋት ጀምሮ ስንተኛው ዙር ነው? ውኃ ጠጥቷል?” በሉት። ከኮርቻው ሥር ያለውን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ያሳያችሁ፤ ጀርባው ከቆሰለ ሌላ ፈረስ ጠይቁ፣ ምክንያታችሁንም ንገሩት። ነገ የቆሰለ ፈረስ ይዞ እንዳይመጣ የሚያደርገው ከስብከት ይልቅ ይሄ ነው። ከባድ የሆናችሁ በእግር ሂዱ፤ መንገዱ ለእግርም ያምራል። ከወጣችሁ ልጓሙን ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ ተረከዛችሁን ወደ ታች ጣሉ፣ ባለፈረሱ የሚላችሁን ስሙ።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ ለኪስ ትንሽ ይከብዳል። የአንድ ሰዓቱን ከፍላችሁ ግማሹን ብቻ ጋልቡ። በቀረው ግማሽ ባለፈረሱ ኮርቻውን አውርዶለት ይቁም። “ከፍላችሁ የለም እንዴ?” ብሎ ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ይሳቅ። ኮርቻ የወረደለት ፈረስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሰውነቱን ያራግፋል፤ ቦታ ካገኘ መሬት ላይ ይንከባለላል። ሳትቸኩሉ ቆማችሁ እዩት።