ለልጆቻችን ምን ዓይነት ጤና እናወርሳለን?



ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በመንገድ ባዩት ጊዜ፣ ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጌታችንን መጠየቃቸውን ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 9 ጽፎልናል። ጌታችን ጥፋቱን በልጁም በወላጆቹም ላይ አልጫነም። ጭቃ ለውሶ ዐይኑን ቀባ፤ ሄዶም እንዲታጠብ አዘዘው። ሰውዬው ታዘዘ፤ ታጠበ፤ አየም። የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ ጥፋተኛውን የሚፈልግ ነበር፤ የጌታችን መልስ ግን የእጅ ሥራና የውሃ መታጠብ ሆነ።

ያ ጥያቄ በወላይታ ቀበሌዎች እስከ ዛሬ ይጠየቃል። የአንድ ጎረቤት እግር ማበጥ ሲጀምር፣ «ማን ረገመው? ከየትኛው ዘር ነው?» ይባላል። አንዳንዱ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ይላል፤ አንዳንዱ መተት ይለዋል፤ አንዳንዱም ይተላለፍብኛል ብሎ በአንድ ወንበር ከመቀመጥ ይሸሻል። በሶዶ ከተማ ሕዝቡ «ኦቶና» እያለ በሚጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ በዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል የሚያገለግሉ ሐኪሞች የሚሰጡት መልስ ግን ሌላ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ መልስ ጥቂት እንድናስብ ወደድን። ቤተሰብ ለልጆቹ መሬት፣ ከብትና እንሰት እንደሚያወርስ ሁሉ ጤናንና ሕመምንም ያወርሳልና። ከዚህ ውርስ ብዙው የሚዘጋጀው በየዕለቱ በቤታችን ውስጥ በምናደርገው ትንሽ ነገር ነው።

ስለ እግር

በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት በሽታ በአካባቢያችን የቆየ መከራ ነው። ስሙን የሰጠው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ብዙ ምርምር ያደረገው ብሪታንያዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ እግርና ትቢያ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። መንሥኤው ጀርም ወይም ትንኝ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ሰው ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ ሲመላለስ እጅግ ደቃቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው በኩል ይገባሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎችንም እያቆሰሉ ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ እግሩ ያብጣል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ በየጊዜውም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እየተነሣበት አልጋ ላይ ይጥለዋል። እንግዲህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሕመምተኛው ጋር መብላትም፣ መቀመጥም፣ መተቃቀፍም ምንም ጉዳት አያመጣም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ዞን ከመቶ ሰዎች 5.46 ያህሉ በዚህ በሽታ መያዛቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናትም በበሽታው የተያዘ ሰው ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጣ፣ በዚያን ጊዜ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የነበረው ይህ ዞን በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚከስር ገምቷል። ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ያለው ያልታረሰ ማሳ፣ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ፣ ገበያ መውጣት ያፈረች እናት ነው።

«ነገር ግን በአንድ ቤት ወንድምና እኅት ሲታመሙ እናያለን፤ ታዲያ የዘር አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በግምት ሳይሆን በእውቀት ሊመለስ ይገባዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ከአካባቢያችን ሰዎች በተገኘ ናሙና መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ባሳተሙት ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች ከወላጆቻቸው በወረሱት የሰውነት ጠባይ ምክንያት ለዚህ አፈር ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ይህን በጥንቃቄ እናስተውል። ልጁ የወረሰው ተጋላጭነቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። አፈሩ ቆዳውን ካልነካው እግሩ አያብጥም። ስለዚህ እናቱ ወይም አባቱ የታመመበት ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ ሊገዛለት፣ ማታ ማታም እግሩ ሊታጠብለት የሚገባው ልጅ ነው። ያ ቤት ሊፈራ ሳይሆን ሊረዳ ይገባዋል።

ጋብቻን በተመለከተ ግን ልባችን ምን ያህል ርቋል! አንዲት ጤነኛ ልጃገረድ የአባቷ እግር ስላበጠ ብቻ ሽማግሌ ከደጇ ይመለሳል። ጎረቤት ይጠቋቆማል፤ ዘመድም ምሥጢሩን ለመሸፈን ሕመምተኛውን በጓዳ ይደብቃል፤ የተደበቀውም ሕክምና ሳያገኝ ይብስበታል። ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ ሚስት ስታጩ የምትመረምሩት የአባቷን እግር ከሆነ፣ እምነቷንና ምግባሯን መቼ ልትመረምሩ ነው? የእርሷ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምረው ጫማ ቢጫሙ የምትፈሩት ነገር አይደርስባቸውም።

ለታመመውም ተስፋ አለ። እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ የጤና ባለሙያ እንዳዘዘ በፋሻ ማሰር፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ መልበስ፤ ይህ ነው ሕክምናው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት ይህን እንክብካቤ የተከታተሉ ሕመምተኞች ያ ብርቱ ትኩሳትና ሕመም እንደቀነሰላቸው መስክሯል። በወላይታም ሞሲ ፉት በሚል ስም የታወቀው ማኅበር ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ይህንኑ ነው። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን በዮርዳኖስ ታጠብ በተባለ ጊዜ ነገሩ ቀላል ስለ ሆነበት ተቆጥቶ ነበር። እኛም ሳሙናንና ውሃን አንናቅ። ትልቅ ተአምር እየጠበቁ ትንሹን ትእዛዝ መተው እምነት አይባልም።

ስለ ገበታ

ሁለተኛው ውርስ በገበታ ላይ ይዘጋጃል። እንሰት የአባቶቻችን ጥበብ ነው፤ በድርቅ ዘመን ብዙ ሕይወት አትርፏል። ቆጮም፣ ጎደሬም፣ ስኳር ድንችም ለሰውነት ኃይል ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ቆጮ ገንቢ ንጥረ ነገሩ እጅግ አነስተኛ ነው። ነጩ ስኳር ድንችም ዐይንን ከዳፍንት የሚጠብቀው ቫይታሚን ኤ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ዝርያ ግን በብዛት አለው። ስለዚህ በልቶ የጠገበ ሕፃን ሁሉ በሚገባ ተመገበ ማለት አይደለም። ከቆጮው ጎን ባቄላ ወይም ቦሎቄ፣ ጎመን ወይም ሽፈራው፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ሊኖር ይገባል።

በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል ያላደገ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 ዝቅ ብለዋል። እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት መሻሻል ነው፤ ሆኖም ከሦስት ሕፃናት አንዱን የሚበልጥ ቁጥር ገና ይቀራል። ይህ ጉዳት በአንድ ትውልድ አይቆምም። በልጅነቷ በምግብ እጥረት የቀጨጨች ልጅ አድጋ ስትወልድ ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሕፃን የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል። አያት ያጣችው እንቁላል በልጅ ልጇ አካል ላይ ይታያል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአባቶች አንድ ቃል አለን። ግፋታን በደስታ ማክበር መልካም ነው፤ ወዳጅ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ነው። ዓመቱን ሙሉ ለቅርጫ በሬ ሳንቲም በሳንቲም ማጠራቀም የሚችል አባት ግን ለልጁ ጫማና ለወለደች ሚስቱ እንቁላል ማጠራቀምም ይችላል። የቤቱ ዶሮ የጣለችው እንቁላል ሁሉ ገበያ ወጥቶ በዋጋው አረቄ ከተጠጣበት፣ የልጁ ድርሻ ተወሰደ። በበዓሉም ቀን ቢሆን ሥጋውን አብስሎ መብላት ከኮሶ ትል ይጠብቃል።

ስለ ጾምም ግልጽ እንሁን። ጾም ቅዱስ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሕፃናትን፣ ሕሙማንን፣ እርጉዞችንና የሚያጠቡ እናቶችን ከግዴታው ነጻ ታደርጋለች። ቤቱ ስለ ጾመ ብቻ የሁለት ዓመት ሕፃን ወተት ሳይቀምስ ወራት ቢያልፉ፣ ያ በእግዚአብሔር ዘንድ ትሩፋት ሆኖ አይቆጠርም። እናት ለራሷ ጾማ ለልጇ ብታበስል ጾሟ አይሻርም።

ስለ መድኃኒት

ሦስተኛው ውርስ በመድኃኒት አወሳሰዳችን ላይ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ፣ አስተዋይ ሰውም እንዳይንቀው ይመክረናል፤ በዚያው ስፍራ ሕመምተኛው እንዲጸልይም ያዝዛል። ጸሎትና መድኃኒት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ እኛ ለምን እናጣላቸዋለን? «ጸሎት ተደርጎልኛል፤ ኪኒኑን አቁሜአለሁ» የሚል ሰው በየመንደሩ አለ። ጸበል የሚጠጣም፣ ካህን የቀባውም፣ ማኅበር የጸለየለትም መድኃኒቱን ይውሰድ። የሐኪሙን እጅና የመርማሪውን ማስተዋል የሰጠው አንዱ እግዚአብሔር ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል። ሕመምተኛው በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲቆምለትና ሰውነቱ ሲመለስ የዳነ ይመስለዋል፤ መድኃኒቱንም ይተዋል። የቀረው ጀርም መድኃኒቱን ተላምዶ ይነሣል፤ ያን ጊዜ በዚያው ጎጆ የሚተኙት ልጆች የሚይዛቸው ለማዳን እጅግ የሚያስቸግረው ዓይነት ይሆናል። የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። አያምም፤ ስለማያምም ይረሳል፤ ድንገት ግን የቤቱን አባወራ በአንድ ጎኑ ሽባ ያደርገዋል። ከጎረቤት የተረፈን ኪኒን መዋጥ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጸረ ጀርም መድኃኒት ገዝቶ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥም ከዚሁ ስሕተት ይቆጠራል።

በሌላ ወገን መድኃኒትን በታማኝነት መውሰድ ትውልድን እንደሚያድን አይተናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ብዙ እናቶች ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ልጆችን ወልደዋል። አንዲት እናት ማንም ሳያያት በየቀኑ በሰዓቱ የምትውጠው ኪኒን ለልጇ የምታቀርበው መሥዋዕት ነው። እኛም እርሷን ከማማት አፋችንን እንሰብስብ፤ መድኃኒቷን ደብቃ እንድትወስድ ወይም እንድትተው የሚያደርጋት የእኛ ሐሜት ነውና።

ምን እናድርግ?

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን በሕማማቱ ዋዜማ ውሃ በመታጠቢያ ቀድቶ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። እግር ማጠብ በወላይታ ምድር ፍቅርም ሕክምናም ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ እግራቸውን ከሚያጥባቸው መካከል የእግር እብጠት ያለበት አንድ ወንድም ቢቀመጥ፣ ብዙ ስብከት የማያደርገውን ያደርጋል። ቅዱስ አባታችን ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1992 የመሠረቱትና ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን የሚከበረው የዓለም የሕሙማን ቀንም፣ በየቁምስናው የተደበቁትን ሕሙማን ከጓዳ አውጥተን በፊተኛው ወንበር የምናስቀምጥበት ቀን ይሁን።

በየቤታችንም ከዛሬ ማታ ጀምሮ የሚቻል ነገር አለ። ልጆች ከመተኛታቸው በፊት እግራቸው በሳሙና ይታጠብ። ሽፍን ጫማ መግዛት ለሚችል ሽፍን ጫማ፣ ለማይችል ለጊዜው ኮንጎ ጫማም ቢሆን ከባዶ እግር ይሻላል፤ ለሁለቱም ያጣውን ቁምስናው ያስበው። ሕፃኑ በሳሕኑ ላይ ከቆጮው ሌላ አንድ ነገር ይጨመርለት። በቤት ውስጥ መድኃኒት የጀመረ ሰው ካለ፣ አንድ የቤተሰቡ አባል ሰዓቱን እየቆጠረ ያስታውሰው።

ቅዱስ ጳውሎስ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ መቅደስ መሆኑን አስተምሮናል። የዚህ መቅደስ ወለል አንዳንድ ጊዜ የሕፃን እግር ነው፤ እንግዲህ በንጽሕና እንጠብቀው። ዕውሩን ያበራ፣ የወዳጆቹን እግር ያጠበ አምላክ፣ ታጋሽ እጅና አስተዋይ ልብ ለየቤተሰቡ ይስጥ። የታመሙትን ይጎብኝ፤ የሚያስታምሙትን ያበርታ፤ ገና ላልተወለዱት ልጆቻችንም መልካም ውርስ እንድናቆይላቸው ይርዳን። አሜን።