ስለሚያይ መኪናና ስለሚጠየቅ ነጂ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የጉልበቱን ድካም ወደ ሌላ ሲያሻግር ኖሯል። ጭነቱን ለአህያ፥ እርሻውን ለበሬ፥ ወፍጮውን ለውሃና ለሞተር ሰጠ፤ በዚህም የሚነቅፈው የለም፤ የክንዱ ድካም ቢቀልለት ሰውነቱ አይጎድልበትምና። በዛሬው ዘመን ግን ወደ መሣሪያ የሚሻገረው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ መጠንቀቅና መትጋትም ጭምር ነው። ስለዚህ ከቀድሞው የከበደ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ይኸውም፦ ሰው ትጋቱን ለሌላ አሳልፎ መስጠት ይቻለዋልን? ቢሰጥስ ከመጠየቅ ነፃ ይሆናልን? የሚል ነው።

ነገሩ በአዲሶቹ አውቶሞቢሎች ላይ ጎልቶ ይታያል። በመኪናው ፊት የተተከለው ራዳር ለዐይን የማይታይ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱም ከፊት በሚሄደው መኪና ላይ ነጥሮ ሲመለስ በመካከላቸው ያለውን ርቀትና የፍጥነታቸውን ልዩነት ይለካል። የፊተኛው ሲያዘግም የኋለኛው፥ ነጂው ፍሬን ሳይረግጥ፥ ያዘግማል፤ መንገዱ ሲከፈትም ነጂው ወደ ወሰነው ፍጥነት ይመለሳል። ከመስተዋቱ በስተኋላ ያለው ካሜራ ደግሞ በመንገድ ዳር የቆመውን ምልክት አይቶ ቅርጹንና ቁጥሩን አስቀድሞ ከተማረው ሥዕል ጋራ ያስተያያል፤ ከዚያም በነጂው ፊት «50» ወይም «80» ብሎ ያሳየዋል።

የዚህ ጥበብ መነሻ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ፍጥነትን በአንድ ልክ የሚያጸናውን መሣሪያ አስቦ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የፈጠራ መብት የተሰጠው አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ቲተር፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዐይነ ስውር ነበረ። ጠበቃው በመኪና ሲወስደው፥ ሲናገር እያዘገመ፥ ሲያዳምጥ እየፈጠነ ስላንገላታው ይህን አሰበ ይባላል። እንዲህ ከሆነ፥ የሚያየው ያላስተዋለውን የራሱን አለመጠንቀቅ የማያየው አስተዋለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በ1990ዎቹ ዓመታት ጃፓኖችና ጀርመኖች ርቀት መጠበቅን ጨመሩበት፤ ከ2008 ወዲህም ምልክት ማንበብ ታከለበት። ከ2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ የፍጥነትን ወሰን ለነጂው የሚያሳስብ መሣሪያ እንዲኖረው ሕግ ያዝዛል። በኢትዮጵያም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል፤ ከእነርሱም እንዲህ ያለ ዐይን የተሰጣቸው ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና የሚታየው ነገር ነገ በያቤሎና በነገሌ ቦረና መታየቱ አይቀርም።

እንግዲህ መኪናው ወደ ቆላው ሲወርድ ምን ያያል? ከሀገረ ማርያም ወደ ያቤሎ፥ ከያቤሎም በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ በግራር ቁጥቋጦና ሰው በሚያህል ቀይ ኩይሳ መካከል ያልፋል። በዚያ አገር ለመንገደኛ ምልክት የሚሆነው በብረት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ብቻ አይደለም። ከቁጥቋጦው በላይ የሚነሣው አቧራ መንጋ መቅረቡን ይናገራል። የግመሉ የእንጨት ቃጭል ከመታየቱ በፊት ይሰማል። እረኛው ልጅ በትሩን ወደ ላይ ቢያነሣ «ቁም» ማለቱ ነው። ከባድ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሾፌሩ ወደ ኋላ ጥቂት ርቆ ድንጋይ ይደረድራል፥ ለምለም ቅርንጫፍም ይጥላል፤ ከኋላ የሚመጣውም ያን አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህን ሕግ የጻፈው ምክር ቤት የለም፤ ነገር ግን ሁሉ ያውቀዋል። ካሜራው ግን የተማረው ክቡን ሰሌዳና ሦስት ማዕዘኑን ነው፤ በአስፋልት ላይ የተጣለ ቅርንጫፍ ለእርሱ ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

መሣሪያው ባልተማረው ነገር ፊት ምን እንደሚሆን ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ይበቃል። የስዊድኑ የቮልቮ ፋብሪካ በአገሩ ዱር ያሉትን ታላላቅ አጋዘኖች የሚለይ መሣሪያ ሠራ። በ2017 ግን በአውስትራሊያ በካንጋሩ ፊት መሣሪያው ግራ እንደ ተጋባ ኩባንያው ራሱ ገለጸ። መሣሪያው የእንስሳውን ርቀት የሚለካው እግሩ ምድርን በሚነካበት ስፍራ ነበረና፥ ካንጋሩ ወደ ላይ ሲዘል የራቀ፥ ሲያርፍ የቀረበ መሰለው። የፋብሪካዎቹ የመመሪያ መጻሕፍትም ይህን የመሰለውን ድካም አይሰውሩም፤ ርቀት የሚጠብቀው መሣሪያ እግረኛን፥ እንስሳንና የቆመን ነገር ላያይ ስለሚችል ነጂው ዘወትር ይጠንቀቅ ብለው ይጽፋሉ።

ከዚህ ላይ የሕሊና ጥያቄ ይመጣል። ነጂው መኪናው ያይልኛል ብሎ ሲዘናጋ የሰው ነፍስ ቢጠፋ ደሙ በማን ላይ ነው? ለዚህ ጥያቄ የኦሪት ሕግ መንገድ ያሳያል። በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ ስለሚዋጋ በሬ የተነገረው ፍርድ ሁለት ወገን አለው። በሬው ከዚያ በፊት ተዋግቶ የማያውቅ ቢሆን ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተዋጊነቱን ሰዎች አስታውቀውት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን በደሉ የባለቤቱ ይሆናል። የፍርዱ ሚዛን ዕውቀት ነው። እንግዲህ መኪናው ግመልን ላያይ እንደሚችል የተጻፈለት ሰው፥ መጽሐፉን ሳይገልጥ ቢተወውም እንኳ፥ ስለ በሬው ከተነገረው ሰው በምን ይለያል? አለማወቅ ምክንያት የሚሆነው ለማወቅ መንገድ ላልነበረው ነው።

የበለዓምም ታሪክ ከዚህ ጋራ ይስማማል። በመንገድ ላይ የቆመውን መልአክ አስቀድማ ያየችው አህያይቱ ናት፤ ባለ ራእይ የተባለው ጌታዋ አላየም። በዚያ ቀን የእንስሳይቱ ዐይን የሰውየውን ነፍስ አዳነ። ነገር ግን የተወቀሰው እርሱ እንጂ አህያይቱ አይደለችም። ማየት ለፍጥረት ሁሉ ሊሰጥ ይችላል፤ መጠየቅ ግን የተሰጠው ለሰው ነው። መኪናው ከነጂው አስቀድሞ ቢያይ ሊመሰገንበት የሚገባ ረድኤት ነው፤ ሳያይ ቢቀር ግን ወደ ፍርድ የሚቀርብ ነፍስ የለውም።

በዚህ አንጻር የሚቃወም ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «መኪናው አይሰክርም፥ አይደክምም፥ ጫት ቅሞ አይደነግዝም፥ በስልክ ሲያወራም አይዘነጋም። በአገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በመንገድ ላይ ይሞታሉ፤ የብዙዎቹም ሞት ከነጂ ስሕተት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ለሰው ትጋት መከራከር ለሞት መከራከር አይሆንምን?» ይህ ቃል በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ለሚያንቀላፋ ሾፌር፥ ስለ እርሱ አንድ ጊዜ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ ማግኘት ታላቅ ምሕረት ነው። መድኀኒት ሳለ የማይወስድ በሽተኛ ጥፋተኛ እንደ ሆነ፥ ነፍስ የሚያድነውን መሣሪያ የሚንቅም ከጥፋት አያመልጥም።

ቢሆንም ረዳት መቀበልና ስፍራን መልቀቅ አንድ አይደሉም። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያንን ንዋየ ቅድሳት በአደራ ሲቀበል የሌሊት ዘበኛ ይቀጠርለታል። ዘበኛ መቀጠሩ መልካም ነው፤ ሁለት ዐይን ከአንድ ይሻላልና። ነገር ግን ዘበኛው ተኝቶ ዕቃው ቢሰረቅ ቄሰ ገበዙ «ዘበኛ ነበረኝ» ብሎ አይድንም፤ ቁልፉ በእርሱ እጅ ነውና። መሪውን የጨበጠ ሰውም የብዙ ነፍስ አደራ ተቀብሏል፤ ከኋላው የተቀመጡት ብቻ ሳይሆኑ በፊቱ የሚያቋርጡትም አደራዎቹ ናቸው። አደራ ጥብቅ፥ ሰማይ ሩቅ ይባላል።

የዚህ ረዳት አደጋም ከመልካምነቱ ጋራ የተያያዘ ነው። መሣሪያው ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ሳይሳሳት ቢቀር ሰው በመቶኛው ጊዜ አይጠባበቅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 በአሜሪካ በአሪዞና ክፍል በቴምፒ ከተማ፥ ራሱን እንዲነዳ ይፈተን የነበረ መኪና በሌሊት ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጨና ገደለ። መኪናው በተቆጣጣሪ እንዲጠበቅ ታዝዞ ነበር፤ ተቆጣጣሪዋ ግን በዚያች ሰዓት ስልኳን ትመለከት ነበር። በመጨረሻ በወንጀል የተቀጣችው ተቆጣጣሪዋ ብቻ ናት፤ መኪናውን የሚፈትነው ኩባንያ በወንጀል አልተከሰሰም። በዚህ ፍርድ የማይደሰቱ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። በማስታወቂያው «ዕረፍ» እያለ በመመሪያው መጽሐፍ «ትጋ» የሚል ሻጭ፥ ለነጂው ሁለት ልብ ሰጥቶታልና ከበደሉ ድርሻ አለው። የሻጩ ድርሻ ግን የነጂውን አያጠፋውም፤ በደል እንደ እንጀራ ቢካፈሉት የሚያንስ ነገር አይደለም።

ሌላም የሚመረመር ነገር አለ። ሕግን መጠበቅና ባልንጀራን መጠበቅ ዘወትር አንድ አይደሉም። በሞያሌ ወሰኑን ተሻግሮ ወደ ኬንያ የገባ ነጂ በቀኝ መሄዱን ትቶ በግራ ይሄዳል፤ ሰሌዳውም ሕጉም ይለወጣል። መንገዱን የሚያቋርጠው ሕፃን ግን በወዲህም በወዲያም ያው ሕፃን ነው። ፍጥነትን የሚወስነው ቁጥር የተተከለው ስለ እርሱ እንጂ ስለ ቁጥሩ ክብር አይደለም። ሰሌዳው ስላለ ብቻ የሚያዘግም ታዛዥ ይባላል፤ ሰሌዳው ወድቆ ሳለ ልጆቹን አይቶ የሚያዘግም ግን ሕጉን በልቡ የተቀበለ ነው። መኪናው የፊተኛውን ሊያስተምር ይችል ይሆናል፤ የኋለኛውን ግን ነጂው ከሌላ ስፍራ ይዞት መምጣት አለበት።

የቦረና ሰው ይህን ከውሃ ጉድጓዱ ያውቀዋል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ዘንድ መንጋው የሚጠጣው በተራ ነው፤ ተራውንም አባ ሄሬጋ የሚባለው ሹም ይጠብቃል። በዚያ የተጻፈ ሰሌዳ የለም፤ የሌላው ከብት ጥማት ግን ለሁሉ ይታወቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲታጡ በዚያ አገር እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ብዙ መንጋ የነበረው ሰው በጥቂት ላሞች ቀረ። ከዚያ ድርቅ የተረፈችውን ላም በአስፋልት ላይ የገጨ መንገደኛ አንድ እንስሳ ብቻ የገደለ ሊመስለው ይችላል፤ ለባለቤቱ ግን የልጆቹ ወተት ነበረች። በመስተዋት ውስጥ ለተቀመጠው ሰው መሣሪያው ብዙ ጥበቃ አዘጋጅቶለታል፤ በእግሩ ለሚሄደው እረኛ ያለው ጥበቃ ግን የነጂው ልብ ነው። ስለዚህ ብዙ የተጠበቀው ብዙ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ጉዳት ቢያደርስም ቆሞ ባለቤቱን ፈልጎ ይካስ እንጂ «መኪናው አላየም» ብሎ አይለፍ።

በከተሞቻችን አዲስ መኪና የገዛ ሰው ካህን ጠርቶ ጸበል ማስረጨት የተለመደ ነው። ልማዱ መልካም ነው። በዚያ ሰዓት ካህኑ ከጸሎቱ ጋራ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይገባል፦ ከመኪናው ጋራ የመጣው መጽሐፍ ተነብቧልን? መኪናው የማያያቸውስ እነማን እንደ ሆኑ ባለቤቱ ያውቃልን? ባለቤቱ መልስ ቢያጣ፥ መንገዱን ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ተቀምጦ ያንብብ። ነገሌ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ የሚያገኘው እረኛ ያን መጽሐፍ አላነበበም፤ የማንበቡም ግዴታ የእርሱ አይደለም።