በሥዕሉ ማዕድ ላይ ያልተሳለው

በቅርቡ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ሳገላብጥ ዓይኔ በአንድ ማዕድ ላይ ቀረ። ሠዓሊው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሆላንዷ ሐርለም ይኖር የነበረው ፒተር ክላስ ነው። በጠረጴዛው ላይ የተቆረሰ ዳቦ፣ ልጣጩ የተንጠለጠለ ሎሚ፣ ቢላዋና በወረቀት የተጠቀለለ ቁንዶ በርበሬ አለ። በላተኛው ግን የለም። ነፍስ የሌለውን ነገር መሳል ብዙ ዑለማዎች የፈቀዱት ነውና ሳልሳቀቅ ተመለከትኩት።

መልእክቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሎሚው ይደርቃል፤ ዳቦው ይሻግታል፤ በላተኛውም ተነሥቶ ይሄዳል። ይኸው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1630 በሠራው ሌላ ሥዕል የራስ ቅልና የኪስ ሰዓት አስቀምጧል። ዱንያ ጠፊ ናት ማለቱ ነው።

ዕረፍት የነሳኝ ግን ቁንዶ በርበሬው ነው። በሆላንድ አይበቅልም። በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቅመማ ቅመም ከእስያ በመርከብ ያግዝ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1621 የገውዝን ንግድ ለብቻው ለመጠቅለል ሲል፣ በያን ፒተርስዞን ኩን አዝማችነት የባንዳን ደሴቶች ወረረ። ከነዋሪዎቹ አብዛኞቹ በሰይፍና በረሃብ አለቁ፣ ተሰደዱ ወይም በባርነት ተጋዙ። ሙስሊሞችም ነበሩባቸው።

ሠዓሊውን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን ማዕዱ ሞትን ያስታውሰናል እንጂ ለማዕዱ የሞቱትን አያስታውሰንም። ታዲያ የሰውን ሐቅ ያልጠየቀ ዙህድ ምን ዓይነት ዙህድ ነው?

ወደ ራሳችን ማዕድ እንመለስ። ሥጋው በሐላል መታረዱን እንጠይቃለን፤ መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ሳንቡሳውን የጠበሰችው ሠራተኛ ደመወዟን በወቅቱ ማግኘቷንስ? የሱቁ ዱቤስ ተከፍሏል? «የእያንዳንዱን ፍሬ ምንጭ ማን ሊያጣራ ይችላል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) ከአቅማችን በላይ አያስገድደንም። ሠራተኛዋ ግን ሩቅ ደሴት ላይ አይደለችም፤ ጓዳችን ውስጥ ናት።

ስለ ጸጋው እንደምንጠየቅ እናምናለን። የወደቀች ጉርሻ አንስተን አጥርተን እንድንበላ ያስተማሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ)፣ የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንድንከፍልም አስተምረውናል። ጉርሻዋን አንስተን ሠራተኛዋን ከረሳን፣ ማዕዳችን እንደዚያ ሥዕል ያማረ፣ እንደዚያ ሥዕልም ዝም ያለ ነው። ወላሁ አዕለም።