ሕሙማንን መቁጠርና የሰው ክብር

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14፣ ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንደሚገባው ያስተምረናል። ንጉሥ ዳዊት ግን ሕዝቡን በማስቆጠሩ እንደ በደለ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 እናነባለን። እንግዲህ መቁጠር መቼ ጥበብ፣ መቼስ በደል ይሆናል? ጥያቄው የዘመናችንን የአጥንት ሐኪሞችም ይመለከታል።

ሐኪሞች አንድ ሕክምና ከሌላው መሻሉን ለማወቅ በፈቃደኛ ሕሙማን ላይ ጥናት ያካሂዳሉ፤ ከመጀመራቸውም በፊት ስንት ሕሙማን እንደሚያገኙ ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ የተሰበረ አጥንታቸው ቆዳቸውን የቀደደባቸውን 2551 ሕሙማን ተቀብሎ ነበር። ቁስላቸው በሳሙና ከታጠበላቸው ከመቶ 15 ያህሉ፣ በሕክምና የጨው ውኃ ከታጠበላቸው ግን 12 ያህሉ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። ውኃውን በኃይል መርጨትም ብልጫ አላሳየም። እንዲህ ያለው ጠባብ ልዩነት በጥቂት ሰዎች አይታይም፤ ዕውቀቱም ለድሃ ሆስፒታል ትልቅ ስጦታ ነው።

ነገር ግን ግምት ያታልላል። አሜሪካዊው የመድኃኒት ሊቅ ሉዊስ ላዛኛ፣ በዝተው የታዩት ሕሙማን ጥናቱ ሲጀመር እንደሚመናመኑ ታዝቦ ነበር። ምክንያቱ ለእኛ ስውር አይደለም። ጎንደር ላይ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ከደባርቅና ከዳባት የመጣውን ስብራት ሁሉ ይደምር ይሆናል። ሆኖም በቡይት ራስ ገደል የወደቀ እረኛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ሆስፒታል ቢደርስም፣ ከወራት በኋላ ለምርመራ እንዳይመለስ የመንገዱ ርቀት፣ የእርሻው ወቅትና የገንዘብ ማጣት ያግዱታል።

መቶ ሕሙማን አገኛለሁ ብሎ ቃል የገባ ሐኪም ሠላሳ ብቻ ቢያገኝስ? ጥናቱ ሲቋረጥ የሠላሳዎቹ ትዕግሥት ፍሬ ያጣል። ከዚህ የከፋው፣ ቁጥሩን ለመሙላት ሲቸኩል በሥቃይ የተጨነቀውን ሰው በቅጡ ሳያስረዳ ማስፈረሙ ነው። ለብዙዎች ለሚጠቅም ነገር ትንሽ መቻኮል ምን ይጎዳል የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የብዙዎች ጥቅም የአንዱን ሰው ነፃ ፈቃድ ሊተካ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫም፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁጥር 2295) ፈቃዱ በዕውቀት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ይጠይቃሉ።

ስለዚህ የወገኖቹን ኑሮ አውቆ ዝቅ ያለውን እውነተኛ ቁጥር የሚጽፍ ሐኪም፣ እንደ ግንበኛው በጥበብ ቆጥሯል። እናንተም ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ምእመኑ እንዲፈርም ሲጠየቅ ከጎኑ ቁሙ። ምን እንደሚደረግለት፣ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ፣ እምቢ ቢል ሕክምናው ይቀርበት እንደሆነ ሳያፍር ይጠይቅ ዘንድ አበረታቱት።