በስጦታ ላይ የሰፈረ ስም

ነጋዴው ወይም ባንኩ ስሙንና ምልክቱን አትሞ ያለ ዋጋ ያደለውን ቆብ፣ ካናቴራ ወይም ጃንጥላ የተቀበለ ሰው፣ ያን ስም ነቅሎ ዕቃውን ለራሱ በሚስማማው መልክ ቢሠራው፣ በሰጪው ላይ ውለታ ቢስ ሆነ ይባላልን? ጥያቄው ኢምንት መስሎ ቢታይም፣ ስለ ምጽዋት፣ ስለ ምስጋናና ስለ ሰው ክብር ሊቃውንት ያስተማሩትን ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

በነቀምቴ በጨለለቂ ሰፈር፣ በሌሎቹም የወለጋ ከተሞች፣ በእግር የሚረገጠውን መኪናውን በረንዳ ላይ የዘረጋ ልብስ ሰፊ፣ የቀደሙት ሰፊዎች ያረጀ ኮት ገልብጠው አዲስ ባደረጉበት ጥበብ ይህን ሥራ ሊሠራው ይችላል። ምልክቱ በክር የተጠለፈ እንደ ሆነ፣ ጨርቁን ገልብጦ ክሩን በምላጭ ጫፍ እየበጠሰ በፊት በኩል በወረንጦ ይመዘዋል፤ የመርፌውንም ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅና በካውያ ይደፍነዋል። በቀለም የታተመው ግን ቢፍቁት ጨርቁን ይጎዳልና ኪስ ይደርብበታል ወይም ጥልፍ ይጠልፍበታል። የጨርቅ ከረጢት ስፌቱ ተፈትቶ ውስጡ ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ሽቦው ከተሰበረ ጃንጥላም ስም ያለበት ክፍል ተቀድዶ ሲወጣ፣ የቀረው ጨርቅ የወለጋን የክረምት ዝናብ የሚመክት የደብተር መያዣ ይወጣዋል። ያለፈው ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ነጭ ጀርባው ወደ ውጭ ተደርጎ የልጆች ደብተር ይለበድበታል።

ጌታችን በተራራው ስብከት፣ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ መለከት እያስነፋ የሚመጸውት ሰው ዋጋውን በዚያው እንደ ተቀበለ አስተምሯል። ነጋዴውን አልወቅሰውም፤ ንግድ በራሱ ኀጢአት አይደለም፣ እርሱም መጸወትሁ አላለም። ነገር ግን ዕቃው ከእጁ ወጥቶ ስሙ በአደባባይ ሲነበብለት ዋጋው ተከፍሎታልና፣ ተቀባዩ ደረቱን ያለ ደመወዝ የዐዋጅ ሰሌዳ አድርጎ እንዲኖር የሚያስገድደው የምስጋና ሕግ የለም።

በአበው ሥርዓት ውስጥ ይህን አሳቤን የሚቃወም የሚመስል ጽኑ ማስረጃ እንዳለ አልክድም። በብራና መጻሕፍታችን ላይ ያስጻፈው ሰው ስም ይገኛል፤ በብዙዎቹም መጨረሻ፣ መጽሐፉን የሰረቀውንም የፋቀውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ግዝት ሰፍሯል። (ግዝቱ እያለም የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው የገባባቸው መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም።) ታዲያ የአስጻፊው ስም እንዳይፋቅ የተገዘተው፣ የነጋዴው ስም ሊነቀል የሚፈቀደው ስለ ምንድር ነው? ያስጻፈው ሰው ስሙን ያኖረው ራሱን ገብር ብሎ አዋርዶ፣ ያነበበ ሁሉ ምሕረትን እንዲለምንለት ነው፤ ስሙን የፋቀ ሰው የሚያጠፋበት ጸሎቱን ነው። በካናቴራው ላይ የታተመው ስም ግን ጸሎት አይለምንም፤ የሚለምነው ገዢ ነው፤ ሎሌ የሚያደርገውም ሰጪውን ሳይሆን ለባሹን ነው።

የሌላውን ባለቤትነት ተሸክሞ መኖር ምን እንደ ሆነ ወለጋ ከታላቅ ሰው ሕይወት ያውቀዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተማርኮ ከጌታ ወደ ጌታ ከተሸጠ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በ1872ም ሲጠመቅ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲቀበለው ለፊልሞና የጻፈለትን የአናሲሞስን ስም ወሰደ፤ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጉሞ፣ በ1931 በነቀምቴ ዐረፈ። የባርነትን መከራ ከአንድ ካናቴራ ጋር ማስተካከል ድፍረት ነውና አላደርገውም፤ ሆኖም በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረ ሰው የሻጭ ምልክት ማሳረፊያ አይደለም የሚለው ትምህርት ለታላቁም ለትንሹም ነገር አንድ ነው።

ስለዚህ በመስከረም ለነዳያን ልጆች ልብስና ቦርሳ የሚሰበስቡ ማኅበራት፣ የማስታወቂያ ዕቃ በእጃቸው ሲገባ እንዳለ ከማደላቸው በፊት ስሙን ያስነቅሉት፤ በቦታውም የማኅበራቸውን ስም አያስጠልፉ። ለሰፊውም የድካሙን ዋጋ ሳያጓድሉ ይክፈሉት።