ናቡቴን ማን ገደለው?

አንባቢ ሆይ፥ በአንደኛ መጽሐፈ ነገሥት በምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ነገር አስተውል። ንጉሡ አክዓብ የወይኑን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። ኤልዛቤልም በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመችው።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ሁሉ ሕግ ይመስላል። ጾም ታወጀ፤ ሸንጎ ተቀመጠ፤ ሕጉ እንደሚሻው ሁለት ምስክሮች ቆመው፥ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰደበ ብለው በሐሰት መሰከሩበት። ናቡቴም ከከተማ ውጭ ተወግሮ ሞተ።

እንግዲህ ገዳዩ ማን ነው? ንግሥቲቱ ድንጋይ አላነሣችም። ንጉሡ እንዴት እንደ ሞተ አልጠየቀም። ሽማግሎቹ የታዘዝነውን ፈጸምን፥ ምስክሮቹም ቃል ብቻ ተናገርን ይሉ ይሆናል። የሙሴ ሕግ ግን የመጀመሪያውን ድንጋይ ምስክሩ ራሱ እንዲወረውር ያዝዛል፤ ቃሉ ነፍስ እንደሚያጠፋ በእጁ ይወቀው ዘንድ ነው።

አክዓብ ርስቱን ሊወርስ በወረደ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ በዚያው ቦታ ተገናኘው። ሰው ነገሩ አለቀ ባለበት ስፍራ የእግዚአብሔር ፍርድ ጀመረ። አክዓብ ራሱን ስላዋረደ ቅጣቱ ዘገየ እንጂ አልቀረም፤ የልጁ የኢዮራም ሬሳ በናቡቴ እርሻ ተጣለ።

ወዳጄ ሆይ፥ ለምስክርነት ስትጠራ ወይም የአለቃ ትእዛዝ በእጅህ ሲገባ ይህን አስብ። በሰው ዘንድ በደል ለብዙዎች ሲከፋፈል ያነሰ ይመስላል፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ሙሉ ነው።